አንድ ማኮብኮቢያ፣ ሁለት ባለቤት፦ ለማማ ሥራ ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ላይ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሠራሁት ሲቪሉና አየር ኃይሉ አንድ ማኮብኮቢያ በሚጋሩበት ከተማ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሥልጠናችሁን ስትጨርሱ ቦሌን ትመኛላችሁ፤ አይፈረድባችሁም። ነገር ግን ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር የምትመደቡ አላችሁ። እዚያ የመንገደኛው አውሮፕላንና የአየር ኃይሉ ጎረቤታሞች ናቸው። ይህ ደብዳቤ ከሁሉ በፊት ለእናንተ ነው።

ማረፊያ መጋራት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሁለት ማኮብኮቢያ፣ ሁለት የእሳት አደጋ ቡድን፣ ሁለት የነዳጅ ዴፖ ጎን ለጎን ለመሥራት አቅም ያለው አገር ጥቂት ነው፤ አቅም ያላቸውም በብዙ ቦታ ይጋራሉ። ጎረቤታችንን ጅቡቲን ተመልከቱ። አምቡሊ የሚባለው ማረፊያዋ የመንገደኛ አውሮፕላን ያስተናግዳል፤ በዚያው ማኮብኮቢያ አጠገብ የአሜሪካ ጦር ካምፕ ሌሞኒየ አለ። የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች በዝተው ከመንገደኛው በረራ ጋር መቀላቀላቸው ሲያሳስብ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሻቤሌ ሜዳ ተዛወሩ። የማይጣጣመው ተለየ፣ የሚጣጣመው አብሮ ቀጠለ። ጥያቄው ሁልጊዜ አብሮ የቀረው በምን ሥርዓት ይኖራል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የዋሽንግተኑን አደጋ ላንሣ፤ እስከ ሰከንዱ ድረስ ተመርምሮ ስለተጻፈ ለእናንተ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት አለው። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025። እኛ አስተርእዮ ማርያምን ባከበርንበት ዕለት ምሽት፣ ከዊቺታ ከተማ ተነሥቶ ሪጋን ናሽናል በሚባለው የዋሽንግተን ማረፊያ ሊያርፍ የነበረ የመንገደኛ ጄት ከአንድ የጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ከፖቶማክ ወንዝ በላይ ተጋጨ። ጄቱ 64 ሰው፣ ሄሊኮፕተሩ ሦስት ወታደሮች ይዘው ነበር። 67ቱም አለቁ። ያ ከተማ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ነው፤ በዚያው ማረፊያ በር ላይ ታክሲ አቁመው መንገደኛ የሚጠብቁ አሉበት። ወሬው በየቤታችን የገባው የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አልነበረም።

ሪጋን ናሽናል የጦር ሰፈር አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ፔንታጎን ግን ከአጠገቡ ነው፤ ፎርት ቤልቮር ከሚባለው የጦር ሰፈር የሚነሡ ሄሊኮፕተሮችም ወንዙን ተከትለው ይመላለሱ ነበር። ለእነሱ በካርታ የተሰመረ መንገድ ነበራቸው፤ በዚያ ቦታ በወንዙ ምሥራቅ ዳርቻ ከ200 ጫማ ሳይበልጡ ዝቅ ብለው እንዲያልፉ። ችግሩ 33 ቁጥር በሚባለው ማኮብኮቢያ ላይ የሚያርፍ ጄት ያንኑ ወንዝ ከላይ አቋርጦ መውረዱ ነው። ሁለቱም ደንባቸውን ጠብቀው ቢበሩ እንኳ በመካከላቸው የሚቀረው ከፍታ እስከ 75 ጫማ ሊወርድ ይችል ነበር። ይህ 23 ሜትር ገደማ ነው። እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስቡት፤ የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ራሱ ከዚህ በላይ ሊዛነፍ ይችላል። በዚያች ሄሊኮፕተር ውስጥ ከአደጋው አራት ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ አንዱ አብራሪ 300 ጫማ፣ አሠልጣኙ ደግሞ 400 ጫማ ላይ ነን ብለዋል፤ ልዩነቱን ግን አንዳቸውም አላነሡትም።

አሁን ወደ ሬዲዮው እንምጣ፤ የእናንተ ሥራ እሱ ነውና። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ46 ላይ ተቆጣጣሪው ለሄሊኮፕተሩ ጄት እየመጣ መሆኑን፣ ከዊልሰን ድልድይ በስተደቡብ በ1200 ጫማ ላይ እንዳለ፣ ዞሮ ወደ 33 እንደሚያርፍ ነገረው። በሄሊኮፕተሩ የድምፅ መቅጃ ላይ ግን «ዞሮ» የምትለዋ ቃል በጉልህ አልተሰማችም። ሠራተኞቹ ጄቱን አየነው፣ በዓይናችን እየተጠባበቅን እንለፍ አሉ፤ ተፈቀደላቸው። ከሁለት ደቂቃ በታች ቆይቶ ተቆጣጣሪው ጄቱን ታዩታላችሁ ወይ ሲል በድጋሚ ጠየቀ፤ የግጭት ማስጠንቀቂያው ማማው ውስጥ እየጮኸ ነበር። ቀጠለና ከጄቱ ኋላ እለፉ አለ። በዚያችው ቅጽበት ሄሊኮፕተሩ ማይኩን ለአንድ ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ ተጭኖ ነበርና «ከኋላ እለፉ» የሚለው ትእዛዝ ጆሯቸው ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል መርማሪዎቹ ጽፈዋል። መልሳቸው እንደገና አየነው የሚል ሆነ፤ እንደገናም ተፈቀደ። ከአሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ተጋጩ።

ጄቱና ሄሊኮፕተሩ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በተለያየ የሬዲዮ መስመር ላይ ነበሩ። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ይሰማል፤ እነሱ ግን አንዱ ሌላውን አይሰማም። የጄቱ አብራሪዎች ሄሊኮፕተሩ በሬዲዮ ያለውን አንድም ቃል አልሰሙም። ሄሊኮፕተሮችን የመቆጣጠሩንና አውሮፕላኖችን የማሳረፉን ሥራ ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ ደርቦ ይዞ ነበር። የድምፅ መደራረብ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ደሴት በቴነሪፍ ጃምቦ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሲሞት፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ማይክ ተጭነው መልእክቱ በፉጨት ተውጦ ነበር። ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ያው በሽታ ተመለሰ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፦ «አየሁት» የሚል መልስ ስትሰሙ ሥራችሁ አላለቀም። የትኛውን አየ? ማታ ከተማ ላይ ስንት መብራት አለ? በዚያች ምሽት ሄሊኮፕተሯ ውስጥ የነበሩት በሌሊት መነጽር የሚለማመዱ፣ ዓመታዊ ምዘና ላይ ያሉ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። አየነው ያሉት ዋሽተው አይደለም። በየትኛው የሰዓት አቅጣጫ እንዳለ (ፊት ለፊት 12፣ በቀኝ 3 እንደምንለው)፣ ወዴት እያመራ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደራቀ ደግማችሁ ንገሩ። ትእዛዝ ሰጥታችሁ የደገመላችሁ ቃል ከሰጣችሁት ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ትእዛዙን ሳይደግም «እሺ» ብቻ ካለ፣ እንደገና ጠይቁ። ነጠላ ቃል ናት የምትጎድለው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ቁጥር ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በማርች 2025 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 በዚያ ማረፊያ ዙሪያ የመንገደኛ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከሚገባው በላይ የተቀራረቡበት 15,214 አጋጣሚ መመዝገቡን አስታወቀ፤ ጎን ለጎን ከአንድ ኖቲካል ማይል (1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች፣ በከፍታ ከ400 ጫማ በታች። ከእነዚህ 85ቱ እጅግ የቀረቡ ነበሩ። መረጃው ከአደጋው በፊትም ነበረ። ቀን በቀን ይመዘገብ ነበር። ሰው ለምዶት ኖሯል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? ዛሬም ተረፈ፣ ነገም ይተርፋል እየተባለ ሦስት ዓመት ሄደ። ሪፖርቱ በወጣበት ጊዜ ነው ያ የሄሊኮፕተር መንገድ በማረፊያው አጠገብ ባለው ክፍሉ በቋሚነት እንዲዘጋ የተወሰነው።

እኛ አገር ይህ ልማድ ሌላ ስም አለው፤ ይሉኝታ። ሲቪሉ ስለ ወታደሩ ቅሬታ መጻፍ ይከብደዋል፤ አገር የሚጠብቅን ሰው መክሰስ ይመስለዋል። ወታደሩም ሲቪሉን ማሳጣት አይፈልግም። ሁለቱ እርስ በእርስ እየተከባበሩ መዝገቡ ባዶ ይቀራል። መንገደኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ አያውቅም።

በአንድ የክረምት ከሰዓት የሆነውን ላጫውታችሁ። አለቃዬ የነበሩ ሴት ፈረቃው ላይ ነበሩ። የአገር ውስጥ መንገደኛ አውሮፕላን ለማረፍ ተቃርቧል፣ ጎማውን አውጥቷል፤ ዝናቡ ከተራራው ወዲህ እየመጣ ነው። ከወዲያኛው ወገን አንድ የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው አፍ ላይ ቆሞ ልግባ አለ። ቀጥሎም ትልቅ ሰው ተሳፍሯል፣ ዝናቡ ሳይደርስ እንውጣ አለ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ባላችሁበት ጠብቁ፣ የሚያርፍ አውሮፕላን አለ» አሉ። መልሱ «እሺ» ብቻ ነበር። «ባላችሁበት ጠብቁ፤ ድገሙልኝ» አሉ። ተደገመላቸው። አውሮፕላኑ አርፎ ከማኮብኮቢያው ሲወጣ አስገቧቸው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ማዶ ያሉት መኮንን ተቆጥተዋል። እሳቸው ቆመው፣ «አቤት ጌታዬ። የሚያርፍ አውሮፕላን ስለነበር ነው። ነገም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ» አሉና ስልኩን በእርጋታ አስቀመጡ። ከዚያ መዝገቡን ስበው ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ የመለሱትን ጻፉ። በማግሥቱ ያ ወታደር አብራሪ ራሱ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ከቆመበት ቦታ የሚያርፈው አውሮፕላን እንደማይታየው ነገራቸው። ሁላችንም አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ለሚቆም ሁሉ የሚያርፈውን አውሮፕላን ቦታ ሳይጠየቅ መንገር ልማዳችን ሆነ። ይህን ያገኘነው ቁጣው ስለተጻፈና ስለተነጋገርንበት ነው።

ጦሩ ሰማዩን በሰፊው ሲይዝ ሲቪሉ በጠባብ እንደሚጨናነቅም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ከዴልሂ የተነሣ የሳዑዲ ጃምቦ ወደ ዴልሂ ከሚወርድ የካዛክስታን አውሮፕላን ጋር ሲጋጭ 349 ሰው ሞተ። የካዛኩ አውሮፕላን ከተፈቀደለት ከፍታ በታች ወርዶ ነበር፤ ግን የሚወጣውና የሚገባው በአንድ መተላለፊያ የሚሄዱት አብዛኛው ሰማይ በጦሩ እጅ ስለነበር ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወደ ገልፍ ለሥራ የሚሄዱ ነበሩ፤ እኛ ቤት ይህን ጉዞ የማያውቅ ማን አለ? ስለ አየር ክልል አከፋፈል ስብሰባ ሲጠራ ወጣት ነኝ ብላችሁ ዝም አትበሉ። የትኛው ክልል በየትኛው ሰዓት እንደሚለቀቅ ጠይቁ፤ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ለወታደሮቹም ልጆቼ አንድ ቃል አለኝ፤ ከእናንተ መካከል አየር ኃይል የምትገቡ አላችሁ። የሄሊኮፕተሯ መሣሪያ በዚያች ሌሊት ከሳተላይት ያገኘውን ቦታዋን ለሌሎች የሚያሳውቀውን የሬዲዮ መልእክት እያሰራጨ አልነበረም። ምሥጢር የሚያስፈልገው ተልእኮ እንዳለ አውቃለሁ። በከተማ ማረፊያ አፍ ላይ የሚደረግ የሥልጠና በረራ ግን ከማን ይደበቃል? አዛዣችሁን በአክብሮት ጠይቁ።

በመጨረሻ ስለ ስልኩ። ከአደጋው ሦስት ወር በኋላ፣ በሜይ 2025፣ ወደ ፔንታጎን የሚሄድ ሌላ ብላክ ሆክ ሁለት አውሮፕላኖች ማረፋቸውን ትተው እንዲዞሩ አደረገ። ነገሩ ሲጣራ በማማውና በፔንታጎን መካከል ያለው የቀጥታ ስልክ ከማርች 2022 ጀምሮ እንደማይሠራ ታወቀ። ከሦስት ዓመት በላይ! ስለዚህ ፈረቃ ስትቀበሉ አስቀድማችሁ የቀጥታ ስልኩን አንሡና ማዶ ያለውን ሰው አናግሩ፤ ስሙን ጠይቁ፣ ዛሬ ምን እንደሚያበሩ ጠይቁ። ካልሠራ ሰዓቱን ጽፋችሁ ለጥገና አሳውቁ፣ ለሚተካችሁም በቃል ንገሩ። በሁለተኛው ቀንም ካልተሠራ ለኃላፊያችሁ በደብዳቤ ጻፉ፣ የተፈረመበትን ቅጂም እናንተ ጋ አስቀሩ።