ልዩ ክፍል ወይስ መደበኛ ክፍል?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ሒሳብ ትወዳለች፤ ንባብ ግን ይከብዳታል። ትምህርት ቤቱ «ወደ ልዩ ክፍል ትዛወር» ይላል። እሷ ከአሁኑ «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ጀምራለች። ብትዛወር ይሻላታል ወይስ ይብስባታል?

መልስ፦ የክፍሉ ስም ብቻውን አይወስነውም። የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች በልዩና በመደበኛ ክፍል ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ያነጻጸሩ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰብስበው ሲታዩ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው ይበልጣል የሚያሰኝ ውጤት አልተገኘም። ልጅ ራሱን የሚለካው አጠገቡ በተቀመጡት ነው። በልዩ ክፍል እንደ እሷ የሚቸገሩ ስላሉ «እችላለሁ» ልትል ትችላለች፤ እረፍት ሲደወል ግን ቅጽል ስሙ ውጭ ሊጠብቃት ይችላል።

ከመፈረምዎ በፊት የሰዓት ሰሌዳውን ይዩ። ለንባብ ድጋፍ የምትወጣው ከሒሳብ ወይም ከስፖርት ከሆነ እምቢ ይበሉ፤ የምትኮራበትን ሰዓት መውሰድ ነው። (ብዙ ጊዜ ለልጁ ሳይሆን ለሰሌዳው ስለሚመች ነው እንዲህ የሚደረገው።) በር ላይ ቆሞ በስሟ የሚጠራት ሰው አይኑር፤ ሰዓቱን አውቃ ራሷ ትሂድ። በመደበኛው ክፍል ከቆየች፣ ጮክ ብላ የምታነበው አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ይሰጣት። ረዳት መምህር ከገባም ከእሷ ጎን ብቻ ተተክሎ እንዳይውል።

«ደስ ብሎሻል?» ብለው ቢጠይቋት «አዎ» ትላለች፣ አለቀ። ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት የሚለካው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የሱዛን ሃርተር የ1985 (እ.ኤ.አ.) መጠይቅ ትምህርትን፣ ከእኩዮች ጋር መግባባትን፣ ስፖርትን፣ መልክን፣ ጠባይንና አጠቃላይ ለራስ የሚሰጥ ዋጋን ለየብቻ ይጠይቃል። እርስዎም እንዲሁ ለየብቻ ይጠይቋት፤ ከዝውውሩ በፊት፣ ከዚያም ከሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው ቃል። ንባብ ላይ ብቻ ዝቅ ካለች አይደንግጡ፣ ያለውን ነው የነገረችዎት። ሁሉም አብሮ ከወረደ ግን ምደባው እንዲከለስ ያመልክቱ።

«ደደብ ነኝ» ስትል «አይደለሽም» ማለት አይበቃም። ችግሩን ከነወሰኑ ይንገሯት፦ «ፊደልና ድምፅ ማገናኘት ይዘገይብሻል፤ ማሰብ አይዘገይብሽም።» ለቀላል ሥራም «ጎበዝ!» አያብዙ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ከእኔ የሚጠበቀው ይህን ያህል ብቻ ነው» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳነው ልጃችን በትምህርት ቤቱ ብቸኛው ነው። አስተርጓሚ አለው፤ ግን ዝም ብሏል።

መልስ፦ አስተርጓሚ ትምህርቱን ያደርስለታል፤ የእረፍት ሰዓት ቀልድ ግን ያመልጠዋል። የክፍል ጓደኞቹ ምልክት ቋንቋ የሚማሩበት ቋሚ ሰዓት ይጠይቁ። እጅ እያየ መጻፍ ስለማይችል ማስታወሻ የሚሰጠው ሰው ይመደብለት። መስማት ከተሳናቸው ልጆችና አዋቂዎች ጋርም በየሳምንቱ ይገናኝ፤ አድጎ ምን ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ የሚያየው እዚያ ነው።