ትንሽ ሰሌዳ፣ አንድ ምሽት፦ ስለ ፈጣን የዘይት ቀለም ሥዕል ጥያቄና መልስ

በአንድ ቁጭታ የሚያልቁ ትንንሽ የዘይት ቀለም ሥዕሎችን መሥራት እንዴት ልማድ እንደሚሆን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትልቅ ሸራ ወጥሬ ከጀመርኩ ወር አልፎኛል። አሁን ሳየው ራሱ ይደክመኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሸራውን ለጊዜው ወደ ግድግዳ አዙረው። ከተማሪ ደብተር የማይበልጥ፣ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ያዝ። አንድ ሰዓት ተኩል መድብለት። ሰዓቱ ሲደርስ ብሩሹን አስቀምጥ፤ አላለቀም ብለህ አታሳድረው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ዛሬ እርጥብ ስለሆነ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሲያርፍ ይታዘዝሃል። ነገ ከነገ ወዲያ ግን ማጣበቅ ይጀምርና ብሩሽህን ይይዘዋል። በአንድ ቁጭታ መጨረስ ከቀለሙ ጠባይ ጋር የሚስማማ አሠራር ነው። ሠዓሊዎች አላ ፕሪማ ይሉታል።

ጥያቄ፦ የግድ በየቀኑ መሆን አለበት?

መልስ፦ የለበትም። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ብለህ ቀን ቁረጥ። በየቀኑ ብሎ የተነሳ ሰው መሃል ላይ ልቅሶ ወይም ሠርግ ይገባበታል። አንድ ቀን ሲያልፈው ይከፋዋል፣ ሦስት ቀን ሲያልፈው ይተወዋል። ከቀኑ ብዛት ይልቅ እኔ የምጨነቀው ዕቃው ተዘርግቶ ስለመቆየቱ ነው። ከሥራ ደክሞህ ገብተህ ቀለም ከካርቶን ማውጣት፣ ጠረጴዛ መጥረግ፣ ሰሌዳ መፈለግ ካለብህ አትሠራም፤ ማንም አይሠራም። ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ለዚህ ብቻ ትሁን። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለህ አሥር ሰሌዳ አንድ ላይ አዘጋጅ። የተረፈህን ቀለም ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጠው ለተወሰኑ ቀናት ሳይደርቅ ይቆይልሃል። ከምግብ ግን ለይተህ።

ጥያቄ፦ ዕቃው ውድ ነው። በትንሽ ገንዘብ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ቁርጥራጭ ከእንጨት ቤት ታገኛለህ፤ በልክ ይቆርጡልሃል። በአርቲስት አክሪሊክ ጄሶ (ከሥዕሉ በፊት ሰሌዳው ላይ በሚቀባው ነጭ መደብ) ሁለት ሦስት ጊዜ ቀብተህ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ለኮርኒስ የሚሆነው የቤት ጄሶ ሌላ ነገር ነው፣ ይሰነጠቃል። ሰሌዳውን ሳትቀባ በጥሬው ከሠራህበት እንጨቱ ዘይቱን ይመጥና ቀለሙ ደብዝዞ ይቀራል።

ቀለም አምስት ይበቃሃል፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ)። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን ከዚህም ባነሰ ቀለም በመሥራት ስሙ ይነሳል፤ በነጭ፣ በኦከር፣ በቀይና በጥቁር። ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ ከሞቃት ቀለም አጠገብ ሲቀመጥ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ሞክረው፣ ደስ ይልሃል። ገንዘብህን በነጩ ላይ አውለው፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙን ሰሌዳው ላይ እያሸሽው ይመስለኛል። መቀላቀል ያለበት ፓሌቱ (የቀለም መቀላቀያው ጣውላ) ላይ ነው። አንድ ነጭ የቡና ስኒ ቡናማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፤ ብርሃኑ ከግራ፣ ከመስኮት ይምጣ። ብሩሽ ከማንሳትሽ በፊት ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ እዪው። ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። አሁን አራት ክምር ቀለም ቀላቅዪ፦ ብርሃን ያረፈበት ስኒ፣ ጥላ ያለበት ስኒ፣ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ።

ብርሃን ያረፈበት ጎን ንጹሕ ነጭ አይደለም። ነጭ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ኦከር ጨምሪ። የጥላው ጎን ነጭ፣ አልትራማሪንና በርንት አምበር ነው፤ ከምታስቢው በላይ ይጠቁራል። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚፈራው። "ስኒው ነጭ ነው" ብሎ ጥላውን ያነጣዋል፣ ስኒው ጠፍጣፋ ይሆናል። ወደ ታች ደግሞ ጠረጴዛው ቡናማ ብርሃን መልሶ ስለሚረጭበት ጥላው ትንሽ ይሞቃል። ከጠረጴዛው ክምር ጥቂት ቆንጥረሽ ጨምሪበት። መጀመሪያ ጥላውን ስስ አድርገሽ አስገቢ፤ ብርሃኑን በኋላ ወፈር አድርገሽ። አንዴ ካሳረፍሽው አትመለሺበት። ብሩሹን በየመሃሉ በጨርቅ ጥረጊ። አፉ ላይ ያለችው ብልጭታ የመጨረሻዋ ትሁን፤ ንጹሕ ነጭ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ካበላሸሽው በስፓቱላ ገፍፈሽ፣ በጨርቅ ጠርገሽ ያን ቦታ እንደገና ጀምሪ። እርጥብ ስለሆነ ይነሳልሻል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ክረምት ላይ ከሥራ ስወጣ ጨልሟል። በመብራት ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። እንዲያውም የመብራት ብርሃን ስለማይንቀሳቀስ ለጀማሪ ይመቻል። አንድ መብራት ለዕቃው ከጎን፣ ሌላ መብራት ለሰሌዳህና ለፓሌትህ። ሰሌዳህና ፓሌትህ በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ይሁኑ። አምፖል ስትገዛ ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ አምፖሉ ላይ ይጻፋል) የሆነ ምረጥ። ቢጫ አምፖል ሥር የሠራኸው ሥዕል ጠዋት ስታየው ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ውጭ ወጥቼ መሥራት እፈልጋለሁ፣ አዲስ አበባ።

መልስ፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ውጪ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ከዕቃው ሥር ይገባና ቅርጽ ይጠፋል። መጀመሪያ ጥላው የት እንዳለ ምልክት አድርጊ። በኋላ ቢንቀሳቀስም አትከተዪው። ሰሌዳሽ ላይ ፀሐይ አይረፍበት፤ እዚያ ብሩህ መስሎሽ የቀላቀልሽው ቀለም ቤት ስትገቢ ጠቁሮ ይታይሻል።

ጥያቄ፦ አንድ ሥዕል ላይ ወራት መሥራት ነው እንጂ በሰዓት የተሠራ ሥዕል ይባላል? ጥበብን ማርከስ አይሆንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 (እ.ኤ.አ.) ለንደን አጠገብ ሃምስቴድ ላይ ደመና ብቻ እያየ በዘይት ቀለም ይሠራ ነበር። ደመና ቆሞ አይጠብቅም። ብዙዎቹ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን ሁኔታ ጽፏል። ትልልቅ ሥዕሎቹ ላይ ያለው ሰማይ ከዚያ ልምምድ የመጣ ነው። ሆላንዳዊው ቫን ጎግ በ1890 (እ.ኤ.አ.) ኦቬር በተባለችው የፈረንሳይ መንደር በቆየባቸው 70 ቀናት ገደማ 70 የሚሆኑ ሥዕሎች ሠርቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ዱዌን ካይዘር በ2004 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቀን አንድ ፖስትካርድ የምታክል ሥዕል እየሠራ በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። ብዙ ሠዓሊ ተከተለው። ወራት የሚፈልግ ሥዕል አለ፣ አከብረዋለሁ። ግን እጅህ በእነዚህ ትንንሾች ካልተፈታ ወራቱ የሚያልቀው በመደለዝ ነው። አንተም ጀርባው ላይ ቀንና ሰዓት ጻፍ።

ጥያቄ፦ የምሥለው ነገር ያልቅብኛል።

መልስ፦ አንድ ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ብቻ ሥሪ። ሙሉውን፣ የተገመሰውን፣ የተላጠውን። ምን ልሥራ የሚለው ሐሳብ ሲቀር ጉልበቱ ለማየት ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ሕፃን ልጅ አለኝ። ሽታው ያስፈራኛል።

መልስ፦ ሽታው የአኳራጁ (የቀለም ማቅጠኛው) ነው፤ አኳራጅ ደግሞ የግድ አይደለም። ቀለሙን ከቱቦው እንደወጣ ተጠቀሚበት። ብሩሹን በጨርቅ ጠርገሽ፣ በተልባ ዘይት አለቅልቀሽ፣ በመጨረሻ በሳሙናና በለብታ ውሃ እጠቢ። የምግብ ዘይት ግን ቀለሙ ውስጥ አትጨምሪ፤ ሳይደርቅ ሊቀር ይችላል። መስኮት ክፈቺ፣ ቱቦዎቹን ልጁ ከማይደርስበት አስቀምጪ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ እየሞቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጨርቁን በውሃ ነክረሽ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ለፋሲካ አንዱን መስጠት እፈልጋለሁ። መቼ ይደርቃል?

መልስ፦ ስስ ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲነኩት እጅ ላይ የማይቀር ይሆናል። በርንት አምበር ያለበት ቶሎ፣ ነጭ የበዛበትና ወፍራሙ ዘግየት ይላል። ብርድና እርጥበት ካለ ከዚያም ይረዝማል። ቫርኒሽ ግን ስድስት ወር ይቆይ። እርጥቡን መውሰድ ካለብሽ በአራቱ ማዕዘን ቡሽ ቆራርጠሽ አስገቢና ሌላ ሰሌዳ ከላይ አድርገሽ እሰሪው። እናትሽ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳያስቀምጡት ንገሪያቸው፤ የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ግን ብርሃን ያለበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።