ተቆርጦ የተቀጣጠለ ዋየሪንግ ሲሰጡህ

«አዳማ ነው የምኖረው። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ጨርሼ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፌያለሁ። ጋራዥ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። አሁን አለቃዬ አንድ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ሰጠኝ። ባለካርቡሬተሩ 2ኢ ሞተር ወርዶ 4ኢ-ኤፍኢ ገብቶለታል። ዋየሪንጉ (የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ጥቅል) ከሌላ መኪና የተፈታ፣ ሰው ቆርጦ የቀጣጠለው ነው። ልቀበለው ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞስ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኖ የድሮ መኪና ሽቦ መማር ጊዜ ማባከን አይሆንም?»

ወንድሜ፣ ሥራውን ተቀበለው። እንደ ሰጡህ ግን አትግጠመው።

አሮጌው ሞተር ከሽቦ ብዙ አይፈልግም ነበር። ቤንዚኑንም በሜካኒካል ፓምፕ ራሱ ይስብ ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ መስመር፣ ከቁልፍ የሚመጣ መስመር፣ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል የሚመጣ መስመርና ንጹሕ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስ መስመር ይፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ያስለቅስሃል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለደብተር ስጠው። ዋየሪንጉን ካርቶን ላይ ዘርጋው። እያንዳንዱን ሶኬት ቁጥር ስጠው፣ የሽቦውን ቀለም ጻፍ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) አረጋግጥና ሣል። ናስትሮ (የሽቦ ፕላስተር) የተጠቀለለበትን ቦታ ሁሉ ፍታ። ብዙውን ጊዜ ከሥር የምታገኘው በእጅ የተጠመዘዘ፣ መዳቡ አረንጓዴ የሆነ ሽቦ ነው። የሚያበራ መዳብ እስክታገኝ ቁረጥና በደንብ አያይዘው።

ከሁሉም በላይ የምለምንህ የቤንዚን ፓምፑን ነው። ለዚህ ሞተር ግፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስፈልጋል። በፋብሪካው አሠራር ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ሲያውቅ ብቻ በሪሌ በኩል ፓምፑን ያሠራዋል። ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም ይቆማል። ሪሌው ሲያስቸግር ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፍ መስመር ጋር የሚያገናኝ ሰው አታጣም። መኪናው ይነሳል፣ ባለቤቱም ያመሰግናል። ነገር ግን ያ መኪና ተጋጭቶ የቤንዚን ቱቦው ቢበጠስ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቁልፉ እስኪዘጋ ድረስ ፓምፑ ቤንዚን ይረጫል። ውስጡ ሰው አለ። አለቃህ እንኳ «ዝም ብለህ አገናኘው» ቢልህ አታድርገው። በዚህ ጉዳይ ከሥራ ብትወጣ ይሻልሃል።

ማሳውን ደግሞ በዓይን አትመን። ሰው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ሲያስነሳልህ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ የማሳ ገመዱን አውልቀህ ቀለሙንና ዝገቱን ጥረግ።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ዋየሪንጉን ሳትፈትሽ በጥቅል ዋጋ አትስማማ። የፍተሻውን ቀን ለብቻ አስከፍል። አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዶ ያልተቆረጠ ዋየሪንግ ከነሶኬቱ ማፈላለግ የሚረክሰው መቼ እንደሆነም ያን ቀን ታውቀዋለህ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እዚህ ያሉት ቶሎ አይጣሉም። እየተጠገኑ ይቆያሉ። ዲያግራም የሚያነብ እጅ ይፈለጋል። ይህ ችሎታ ወደ ኤሌክትሪክ መኪናም አብሮህ ይሄዳል፤ እዚያም ሪሌ፣ ሴንሰር፣ ማሳና ኮምፒውተር አለ። የኤሌክትሪክ መኪናው ብርቱካናማ ገመዶች ነገር ግን ሌላ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ፣ ይገድላሉ። ለብቻው ሳትሠለጥን እንዳትነካቸው።

ያን የሣልከውን ዲያግራም አትጣለው። ሥራው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሳ፣ ቀን ጻፍበት፣ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ። ሲኦሲ ብዙ ሰው አለው። እኔ ሰው ስቀጥር ብሆን ከሰርተፍኬቱ በፊት ያንን ፋይል ነው የማየው።

ሥራው ማለቁን በምን ታውቃለህ? የመመርመሪያ ሳጥኑ አብሮ ከመጣ ቲኢ1 (TE1) የተባለውን ቀዳዳ ከኢ1 (E1) ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝና ቁልፉን ክፈት። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ሁለቴ ብልጭ፣ ትንሽ ቆሞ እንደገና ሁለቴ ካለህ የብልሽት ቁጥሩ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን መስመር ተመልከት። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለ ብልሽት አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) ግጠም።