ማኅሌትን ተመልክቶ ትርጉሙን ለሚሻ ወጣት

የባህል ውዝዋዜን የምታጠና አንዲት ወጣት በቅርቡ፣ ሊቃውንቱ በማኅሌት፣ በቤተ ክርስቲያን ቆመው በሚያቀርቡት የዜማ ምስጋና፣ መቋሚያ የሚባለውን ረጅም ዘንጋቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዙት የምን ምሳሌ ሆኖ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጌታ በሕማሙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ መንገላታቱን እንደሚያሳይ ነገርኋት። መልሱ የመምህራኑ ነው፤ ሆኖም እርስዋ ከሄደች በኋላ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ የአቋቋም (በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚቀርበው ዜማ) ትምህርት ማስመስከሪያ ወደሆነችው ጎንደር በአታ ለጥናት ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹ አመሻሽ ላይ በግቢው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ይለማመዱ ነበር። ዝማሜው፣ መቋሚያን እያወዛወዙ በዝግታ የሚዜመው ክፍል፣ ሲጀመር ከበሮው ገና አልተነሣም፤ የመቋሚያዎቹ ራስ ብቻ በአንድነት ያዘነብላል፣ ይመለሳል። ቀጥሎ መረግድ በሚባለው ክፍል ከበሮው ገባ፤ ጽፋት የሚባለው ክፍል ላይ ሲደርሱ ግን ዝግታው ሁሉ ወደ ፍጥነት ተለወጠ፣ እጆችም ማጨብጨብ ጀመሩ። የኔታ ከጎኔ ቆመው በትዕግሥት ያስረዱኝ ነበር፦ የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ)፣ የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው። በእጅ ይዘው የሚያንሿሹት ጸናጽል ላይ ስንደርስ፣ ግራና ቀኙ ብሉይና ሐዲስ ነው አሉኝ፤ «አንድም» ብለው ደግሞ መላእክት ሲወጡበትና ሲወርዱበት ያዕቆብ ያየው መሰላል መሆኑን ጨመሩ። «ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ መቋሚያቸውን ዘርግተው «ና ልጄ፣ ከመጨረሻው ተማሪ ጎን ቁም» አሉኝ። ማስታወሻዬ ገና ስላላለቀ ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ አልኋቸው። ሌላ ጊዜ ሳይመጣ የኔታ ዐረፉ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። የምመክራችሁ፣ በአንድምታ፣ «አንድም» እያለ ብዙ ፍቺ በሚደረድር ትርጓሜ፣ ያደገ ሥርዓት ለአንድ ምልክት አንድ ፍቺ ብቻ እንዲሰጣችሁ አታስገድዱት። የዛሬ ወጣቶች ደማቁን ወረብ፣ በከበሮና በሽብሸባ የሚቀርበውን ዜማ፣ ለአንድ ደቂቃ በስልክ ቀርጻችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከርሱ በፊት የነበረው ረጅም ዝግታ ሲቀር ፍጥነቱ ከምን ተነሥቶ እንደመጣ አይታወቅም፣ ይህም ያሳዝነኛል። እንዲያም ሆኖ የየኔታን ዝማሜ የሚቀርጽ ስልክ በዚያን ዘመን በኖረ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ሁሉንም እንቅስቃሴ ምሳሌ ማድረግም አያስፈልግም። መቋሚያው ሌሊቱን በሙሉ ለሚቆሙት አረጋውያን መደገፊያ ነው፤ ክንዳቸውን ያሳረፉበት ያው እንጨት ጥቂት ቆይቶ የሕማሙን ነገር ይናገራል። ይህን ለማየት ከማኅሌቱ መጀመሪያ አንሥቶ መገኘት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀኝ ጌታው የሚመራውን ወገን፣ ቀጥሎ የግራ ጌታውን ተመልከቱ፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው እንዴት እንደሚቀበል ልብ በሉ። የምሳሌውን ጥያቄ ሲነጋ ለመምህራኑ አቅርቡ፤ መቋሚያ ከዘረጉላችሁም ተቀበሉና ቁሙ።