ብስባሽ፣ ባክቴሪያና ፔክቲን፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ጀምሩ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ፒኤች (የአሲድነት ልክ) እና ሙቀት ሳትነግሩኝ ስለ ኢንዛይም (ሕዋሳት ስለሚሠሩት ሥራ አፋጣኝ ፕሮቲን) አትጠይቁኝ። ከብስባሽ ያወጣችሁትን ባክቴሪያ ደግሞ አፍ በሚገባ ነገር ላይ አትሞክሩ።

ከእንጅባራ፦ መምህር፣ ያስቀመጥነው ድንች ውስጡ እየፈሰሰ ይሸታል። የፔክቲን ጉዳይ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መምህር፦ እውነት ነው። የተክልን ሕዋስ ከጎረቤቱ ሕዋስ ጋር አጣብቆ የሚይዘው በዋነኛነት ፔክቲን ነው። ፔክቶባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ በቁስል ወይም በልጣጩ ጥቃቅን መተንፈሻዎች ይገባል። ቁጥሩ እስኪበዛ ድረስ አድፍጦ ይቆያል፤ እርስ በርሱ በኬሚካል ምልክት ይጠባበቃል። ሲበረክት ኢንዛይሙን ባንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ልጣጩ ደህና መስሎ ውስጡ ገንፎ ይሆናል። ድንቹ ላይ ውሃ ከቆየ አየር ያጥረዋል፣ መከላከያውም ይደክማል። ስለዚህ እርጥቡን አታስገቡ፤ ዶማ የነካውን ለይታችሁ ቶሎ ብሉት።

ከደብረ ማርቆስ፦ እኛ ከመሬት ሳናወጣው እናቆየዋለን፤ ምንም አይሆንም።

ከእንጅባራ፦ የእናንተ መሬት ውሃ አይዝ ይሆናል። የእኛን መጥታችሁ እዩት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ቦይ ያላወጣ ገበሬ መሬቱን አይውቀስ!

መምህር፦ ይህን ለገበያ ቀን አቆዩት። ቀጣይ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ከተጣለ የብርቱካን ልጣጭ ባክቴሪያ ለይቼ ፔክቲን ባለው አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ዝልግልግ መደብ) ላይ አሳደግሁ። አዮዲን ሳፈስበት በባክቴሪያው ክምችት ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ታየኝ። ፔክቲኔዝ አገኘሁ ማለት ነው?

መምህር፦ የትኛውን ፔክቲኔዝ? ይህ ፔክቲን የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ሁሉ የቤተሰብ ስም ነው እያልሁ ደከመኝ። ፖሊጋላክቱሮኔዝ ሰንሰለቱን በውሃ ይቆርጣል፤ ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ፈሳሽ ይስማማዋል። ፔክቴት ላዬዝ ግን ያለ ውሃ ይሰብራል፣ ካልሲየም ይፈልጋል፣ የሚመቸውም ከፒኤች 8 እስከ 10 አካባቢ ነው። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚያመነጩት ይህንን ነው። በፒኤች 5 ለክቶ «አይሠራም» ብሎ ጥሩ ባክቴሪያ የሚጥል ተማሪ ስንት አለ! ላዬዝ የቆረጠው ስባሪ ድርብ ትስስር ስለሚኖረው በ235 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን ይነበባል። ሚለር በ1959 ያሳተመው የዲኤንኤስ የስኳር መለኪያ ዘዴ የስኳር ጫፍ ብቻ ስለሚቆጥር ሁለቱን አይለይልሽም። ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ ራሱ ስኳር አለው፤ ፔክቲን ያልገባበትን ለክተሽ ቀንሺ። ኤዲቲኤ ጨምሪበት፤ ካልሲየሙን ነጥቆ ሥራውን ካስቆመው መልሱን አገኘሽ። አዮዲን ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ቅጂ ሳታስቀምጪ አታፍስሺ።

ከፍኖተ ሰላም፦ የማንጎ ጭማቂ ለማጥራት ይሆናል?

መምህር፦ አይሆንም። ለጭማቂ የሚሸጠው በአብዛኛው አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባለው ሻጋታ የሚሠራ፣ በአሲድ ውስጥ የሚበረታ ነው። የሚያስመልሰው ባሲለስ ሴሪየስም ከዚያው ብስባሽ ይወጣል።

ከቡሬ፦ ኢንዛይሙ በስንት ሰዓት ይደርሳል?

መምህር፦ የማን ኢንዛይም? በምን ሙቀት? በምን ፒኤች?

ከቡሬ፦ እንዲሁ በጠቅላላው።

መምህር፦ በጠቅላላው አላውቅም። ቀጣይ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ቃጫ ውሃ ውስጥ የምንዘፈዝፈውስ?

መምህር፦ ይኸውላችሁ፣ ላዬዝ ለዚህ ነው! ፔክቲኑን በልቶ ጭረቱን ከሥጋው ይለያል። ነገር ግን ባክቴሪያው ቃጫው የተሠራበትን ሴሉሎስም የሚበላ ከሆነ ቃጫው ራሱ ይላላል፤ ሁለቱንም ፈትኑ። ወንዝ ውስጥ ግን አትዘፍዝፉ። ብስባሹ ኦክስጅኑን ይጨርሰውና ዓሣው ያልቃል።

ከእንጅባራ፦ ታዲያ ከብቱስ የት ይጠጣ? የእነ ደብረ ማርቆስ ቃጫ እኮ ነው ወንዙን ያገማው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ወንዙ ከእናንተ ወደ እኛ አይመጣም፣ ከእኛም ወደ እናንተ አይሄድ!

ከፍኖተ ሰላም፦ መምህር፣ ለጭማቂው ትንሽ ጠብ ብናደርግስ?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ቤተ ሙከራችን ኤዲቲኤ የለውም።

መምህር፦ እንግዲያው ፈሳሹን ጨው በሚያሳልፍ ስስ ከረጢት አድርገሽ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈሽ ጨዉን አውጪለት። ከዚያ ግማሹ ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሪ፣ ግማሹን ተዪው፤ ሁለቱንም በፒኤች 8.5 ለኪና ቁጥሩን አምጪልኝ።