ለሸንተረር ሌዘር፣ ማይክሮኒድሊንግና ፒል በአንድ ቀን ይደረባሉ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጠይም መሆንሽን፣ ሆድሽ ላይ ያሉት ሸንተረሮች ከወሊድ በኋላ የቆዩና የነጡ መሆናቸውን፣ ጭንሽ ላይ ያሉት ግን በቅርቡ የወጡና ገና ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው መሆናቸውን ገልጸሽ፣ ሌዘር፣ ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት) እና ኬሚካል ፒል (የቆዳን የላይኛ ሽፋን በአሲድ መላጥ) በአንድ ቀጠሮ እንዲሠሩልሽ የቀረበልሽን ሐሳብ ብትቀበዪ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም ጠይም ነኝ፤ ሁለቱም ዓይነት ሸንተረር ስለነበረብኝ ለረጅም ጊዜ ታክሜአለሁ። ሕክምናዎቹን ማጣመር ከአንዱ ብቻ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል በራሴ ቆዳ አይቻለሁ፤ ሦስቱን በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ላይ መደረብን ግን በፍጹም አልመክርሽም።

ሸንተረር ከላይ የሚታይ ጭረት ቢመስልም ጉዳቱ ያለው ከሥር ነው። ቆዳ በእርግዝና፣ በጉርምስና ወይም በፈጣን ውፍረት ሲወጠር፣ በውስጠኛው የቆዳ ክፍል ውስጥ ጥንካሬና የመለጠጥ ችሎታ የሚሰጡት የኮላጅንና የኢላስቲን ክሮች ይበጣጠሳሉ፤ ሆርሞኖችም ለዚህ ድርሻ አላቸው። መጀመሪያ ላይ ቦታው ተቆጥቶ የደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ ቀላ ያለ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል፤ ወራት ሲያልፉ ግን ደም ሥሮቹ ይከስማሉ፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ነጣ ያለ ጠባሳም ይቀራል። ስለዚህ የጭንሽና የሆድሽ ሸንተረር ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቅል ሕክምና መቅረቡ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሳብሽ ይገባል።

«ሌዘር» ሲሉሽም የትኛው ሌዘር እንደሆነ ጠይቂ፤ በዚህ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች ሥራቸው በጣም ይለያያል። 585 ወይም 595 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ፐልስድ ዳይ ሌዘር በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ስለሚያነጣጥር ለቀዩ ሸንተረር ይጠቅማል፤ ነገር ግን የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒንም ይህንኑ ብርሃን ስለሚስብ፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረት ወይም ንጣት ሊያስከትል ይችላል። 1540 ወይም 1550 ናኖሜትር የሆነውና ቆዳውን ከላይ ሳያነሣ የሚሠራው ፍራክሽናል ሌዘር ደግሞ በቆዳ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሚያነጣጥር ለእኛ ዓይነት ቆዳ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ሙቀቱን በጥቃቅን ነጥቦች ብቻ እያስገባ በመካከላቸው ያለውን ቆዳ ሳይነካ ስለሚተውም ጤነኛው ክፍል የተጎዳውን ቶሎ እንዲያድን ይረዳዋል። 10,600 ናኖሜትር የሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቆዳውን ጭምር አትንኖ ስለሚያነሣ ጉልበቱ ይበረታል፤ ለማገገም የሚወስደው ጊዜም ሆነ ጥቁር ምልክት የመተው ዕድሉ ግን ከፍ ያለ ነው።

ለእኔ የተሠራልኝ ቆዳ የማያነሣው ፍራክሽናል ነበር። ማደንዘዣ ክሬም ተቀብቶልኝ ከቆየሁ በኋላ እንኳ የመርፌ ጫፍ የመሰለ ትኩስ ውጋት ይሰማኝ ነበር። ሲያበቃ ሸንተረሩ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ቀያይ ነጥቦች ታዩ፤ ቦታው እስከ ማታ ድረስ ይሞቅ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጥቦቹ ቡናማ ሆኑ፣ በጣት ሲዳሰሱም እንደ አሸዋ ይሻክሩ ነበር፤ ከዚያም ሳይፋቁ በራሳቸው ረገፉ። በዚያ ሰሞን ቆዳው ላይ ሌላ መርፌ ወይም አሲድ ቢጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ማጣመር ማለት እንግዲህ እያንዳንዱ ሕክምና የየራሱን ጉድለት እንዲሞላ ማድረግ እንጂ ጉዳት በጉዳት ላይ መከመር አይደለም። ማይክሮኒድሊንግ ሙቀት ስለሌለው የማጥቆር ስጋቱ ከሌዘር ያነሰ ነው፤ የሚጠቅመውም የቆዳውን ስርጉደትና ስሱነት ለማሻሻል ነው። ግላይኮሊክ አሲድን የመሰለ ቀላል ፒል በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ስለሚሠራ የተበጠሰውን ክር አይጠግንም፤ የጠቆረ ቦታ ካለ ግን ራሱን በቻለ ቀጠሮ ይረዳል። በእኔ ሕክምና ሐኪሜ ሌዘሩንና ማይክሮኒድሊንጉን እያፈራረቀች በየቀጠሮው መካከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ትተው ነበር። አዲስ ኮላጅን ተሠርቶ እስኪደላደል ወራት ስለሚወስድ፣ ውጤቱ የሚመዘነውም የመጨረሻው ቀጠሮ ካለፈ ከ3 እስከ 6 ወር በኋላ ነው። ቆዳ በዚህ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ በችኮላ ማሳጠር አይቻልም።

በአንድ ቀን አብሮ ሊሄድ የሚችል ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከራስሽ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ የሚለየው ፒአርፒ የሚባለው ፕላዝማ ሌላ ቃጠሎ ስለማይጨምር ከማይክሮኒድሊንግ ጋር በአንድ ቀጠሮ ይሰጣል። በተቃራኒው ገና በተወጋ ቆዳ ላይ የቫይታሚን ሲ ሴረም ወይም ሽቶ ያለበት ክሬም መቀባት አደገኛ ነው፤ ላይ ላዩን እንዲቀባ የተዘጋጀ ነገር በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ሲገባ ለረጅም ጊዜ የማይጠፋ እባጭ ያስከተለባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። «ውጤቱን ያፋጥናል» ተብሎ የሚቀባልሽ ነገር ካለ ምንነቱን ሳታውቂ አትፍቀጂ።

ለጭንሽ እኔ ብሆን በሌዘር አልጀምርም። ሸንተረሩ ገና ቀለሙን ሳይለቅ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የትሬቲኖይን ክሬም ማሻሻል እንደሚችል ታይቷል፤ በነጣው ላይ ግን ያን ያህል አይሠራም። ቆዳን ስለሚያስቆጣ ከሌዘር ወይም ከመርፌ በፊት መቼ መቋረጥ እንዳለበት ሐኪምሽ ይወስናል። የሆድሽ ነጭ ሸንተረር ደግሞ ቀለሙን ብቻ ለመመለስ 308 ናኖሜትር የሆነው ኤክሳይመር ሌዘር ሊሠራለት ይችላል፤ የሚመለሰው ቀለም ግን እየደበዘዘ ስለሚሄድ መደጋገም ይጠይቃል፣ ስርጉደቱንም አይሞላም።

ከመጀመርሽ በፊት ብዙ በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ እንዲሞከርልሽና ቢያንስ ለአራት ሳምንት እንድትጠብቂ አጥብቄ እመክርሻለሁ፤ የማጥቆር ምልክቱ ወዲያው ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላልና። ሌዘሩ የሚያሳርፋቸው ነጥቦች ብዛት መቀነሱም ለጠይም ቆዳ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ፣ መሣሪያውን የሚይዘው ሰው በእንደዚህ ዓይነት ቆዳ ላይ ልምድ እንዳለው አረጋግጪ። ያበጠ ጠባሳ ወይም ኬሎይድ ወጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን ወስደሽ ከሆነ፣ ሕክምናው በሚሠራበት አካባቢ ሄርፒስ የሚነሣብሽ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ። ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ማቅያ ክሬም ጭንሽ ላይ ተቀብተሽ ከሆነም እንዲሁ፤ ይህ ዓይነቱ ክሬም ራሱ ሸንተረር ያወጣል፣ እሱ ሳይቆም ደግሞ የትኛውም ሌዘር አይረዳም። ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ላይ ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ መከላከያ ከሕክምናው በፊትም በኋላም አይቅር።

ሸንተረሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብሎ ቃል የሚገባልሽን ሰው አትመኚ። የእኔዎቹ ጠበብ አሉ፣ ለስለስ አሉ፣ ቀለማቸውም ወደ ቆዳዬ ቀረበ፤ በጎን በሚመጣ ብርሃን ግን ዛሬም ይታያሉ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር፤ ለአንቺ በቂ መሆን አለመሆኑን ገንዘብሽን ከመክፈልሽ በፊት አስቢበት።

በቅርቡ ሌላ ልጅ ለመውለድ ካሰብሽ ግን የሌዘሩን ዕቅድ ከወሊድ በኋላ ብታደርጊው ይሻላል፤ ትሬቲኖይን በእርግዝና ወቅት አይወሰድም፣ የምታጠቢ ከሆነም አስቀድመሽ ሐኪምሽን አማክሪ።