የቮልስ ሞተር ንኳኳታ

ጥያቄ፦ የ1967 ሞዴል ቮልሴ በሚኒሞ ሲሠራ ሞተሩ ይንኳኳል፤ መካኒኩ ታይሚንግ ጊሩ (ቫልቮችን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ የሚያሽከረክረው ጥርስ) አልቋል ይላል። ሳይፈታ ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ ቁርጡ የሚታወቀው የሞተሩ አካል ለሁለት ተከፍሎ የጥርሶቹ ልልነት ሲለካ ነው። አስቀድመው ግን ፍሪሲዮን ይርገጡ፤ ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ወደሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ) የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ ይዞራል። ዘይቱን ሲያወርዱም ወንፊቱን ይመርምሩ፤ የካምሻፍቱ ጥርስ ብረት ካልሆነ ቀላል ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ፍቅፋቂውን ማግኔት አይስበውም፤ የፒስተንም እንዲሁ ስለሆነ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ዕቃ) መዛባት ከቶ አይፍረዱ፤ ብዙ መካኒኮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩን የሚያሽከረክረው ካምሻፍቱ ሳይሆን ክራንክሻፍቱ ላይ ያለ ሌላ ጥርስ ነው።